ሰውን በመቶ ሃያ ቃል

ሥራዬ ሰውን በመቶ ሃያ ቃል መጻፍ ነበር።

ሰው ብቻ አይደለም፤ ሐሳብም፣ ተቋምም ጽፌአለሁ። የጋዜጣችን የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ከሰንበት መግቢያ ሰዓት ሰሌዳ በላይ፣ በቀጭን መስመር የታጠረች ቦታ ነበረች። በየወሩ ሦስት አጫጭር መጣጥፎች ይወጡባታል፤ አንድ ስለ ሰው፣ አንድ ስለ ሐሳብ፣ አንድ ስለ ተቋም። ሁሉም ከኛው ከቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ፣ ሁሉም በትልልቆቹ መዛግብት ውስጥ ተፈልጎ የማይገኝ። አንባቢዎቻችን ገጹን ቆርጠው ያስቀምጡት ነበር። አፉላ ኢሊት በሚባለው ሰፈር አንድ ቤት ገብቼ፣ ወረቀታቸው ቢጫ የሆነ ቁርጥራጮች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተደርድረው አይቻለሁ።

ባለፈው ክረምት የጡረታዬ ደብዳቤ መጣ። በዚያው ሰሞን ጋዜጣው በወረቀት መታተሙን አቁሞ ወደ ስልክ ገባ። የቢሮዬን መሳቢያ ሳጸዳ ከደረቁ እስክርቢቶዎች መሀል ሦስት ፍሬ ሽምብራ አወጣሁ። አልጣልኋቸውም። ይህን የምጽፈው በነሱ ምክንያት ነው።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ስንመጣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረው። በአገር ቤት ጎንደር ገጠር ውስጥ በአንድ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ እጽፍ ነበር። እዚህ መጀመሪያ የሠራሁት አትክልት ማሸጊያ ነው። በእረፍት ሰዓት ደብተር ስለምከፍት ሴቶቹ «ጸሐፊዋ» ይሉኝ ነበር፤ ደብተሩ ግን የዕብራይስጥ ቃል መለማመጃ ነበር። አንድ ቀን አንዷ፣ «ጸሐፊዋ፣ በአማርኛ የሚታተም ጋዜጣ በሰሜን በኩል ሰው ይፈልጋል አሉ» አለችኝ። በማግሥቱ ደወልሁ።

ብዙ ዓመት የተራ ዘጋቢ ሥራ ሠራሁ። የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የቤት እጦት፣ የመኪና አደጋ፣ የከተማው ምክር ቤት ስብሰባ። ደመወዙ ትንሽ፣ የሚሞላው ፎርም ብዙ ነበር፤ ሁለቱንም እዚህ ላይ ልተዋቸው። የመጀመሪያው አለቃዬ ሁሉም ነገር «ታሪካዊ» እንዲሆን ይፈልግ ነበር፤ የሰፈር ቧንቧ ሲጠገን እንኳ ጥገናው ታሪካዊ ሆኖ ነው የታተመው። ሁለተኛው መሀል አገር ተቀምጦ በስልክ ብቻ ያዝዘን ነበር። አፉላን በዓይኑ ሳያይ ከሥራው ለቀቀ። «እዚያ አጠገባችሁ ያለው ኮረብታ ማን ነው የሚባል?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። ሁለት ጊዜም «ጊቫት ሃሞሬ» ብዬ ፊደል በፊደል ነግሬዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ከጋሼ ይርጋ ጋር የተገናኘሁት። ጋሼ ይርጋ የመጨረሻውን ገጽ የሚያዘጋጁ፣ በአገር ቤት አስተማሪ የነበሩ አጭር ሰው ናቸው። ቢሯችን በአፉላ መሀል ከተማ፣ ከቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ ሁለት ክፍል ነበር። በነሐሴ ሙቀት፣ ሸለቆው እንደ ምድጃ ሲግል እንኳ ኮታቸውን አያወልቁም። ምክንያቱ ኪሱ ነበር።

የመጀመሪያው መጣጥፌ በሱዳን መጠለያ ውስጥ ስላዋለዱ አንዲት እናት ነበር። «ታላቋ አዋላጅ» ብዬ ጀመርሁ። ጋሼ ይርጋ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙና አነበቡት።

«ታላቋ ካልሽ ታናሿን አሳዪኝ።»

«አነጋገር ነው እንጂ ጋሼ።»

«አነጋገሩን ለሠርግ ዘፋኝ ተይለት። ስንት ልጅ አዋለዱ?»

«ብዙ።»

«ብዙ ቁጥር አይደለም። ካዋለዷቸው አንዱን ፈልጊና ጠይቂው።»

ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። የጭነት መኪና ነጂ የሆነ ሰው አገኘሁ። እናቱ እንደነገሩት፣ አዋላጇ እትብቱን በተቀቀለ ምላጭ ቆርጠው፣ ከቀሚሳቸው ጥለት በመዘዙት ክር ነበር ያሰሩለት። ጋሼ ይርጋ «ታላቋ» የሚለውን ቃል በማስመሪያ ሰረዙና ክሩን በቦታው አስገቡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅጽል ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ሌላም ብዙ ነገር አስተማሩኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሰውየው ማን እንደሆነና ለምን እንደሚጻፍ ይናገራል፤ ሌላ ሥራ የለውም። መታወቂያ ላይ የሰፈረውን የልደት ቀን አይገለብጡም፤ የኛ ሰው ግማሹ በጃንዋሪ አንድ የተወለደው በመዝጋቢው ጸሐፊ ብዕር ነውና «አይታወቅም» ብለው ይጽፋሉ። «‹አይታወቅም› የሚያሳፍር ቃል አይደለም፤ የሚያሳፍረው መገመቱ ነው» ይሉ ነበር። ተቋም ማለት ደግሞ ለሳቸው ሕንጻ ያለው ነገር አልነበረም፤ ሰዎቹ ሲሄዱ የሚቀር ነገር ነበር። በጊቫት ሃሞሬ ሥር ያለው የአውቶቡስ ፌርማታ፣ ሽማግሌዎች ጠዋት ጠዋት ተሰብስበው አንዱ ጋዜጣ የሚያነብላቸው፣ በሳቸው ፈቃድ ተቋም ሆኖ ተጽፏል። አንባቢው ሦስት ጊዜ ተለውጧል፤ ፌርማታው አለ።

የኪሱ ነገር እንዲህ ነው። በግራ ኪሳቸው ሦስት ሽምብራ ይይዛሉ። ስለ አንድ ሰው ሊጽፉ ሲነሱ ሦስት ሰው ይጠይቃሉ፤ አንድ የሚወደውን፣ አንድ የማይወደውን፣ አንድ ምንም ጉዳይ የሌለውን። አንዱን በጠየቁ ቁጥር አንዱን ሽምብራ ወደ ቀኝ ኪሳቸው ያዛውራሉ። ሦስቱም ቀኝ ኪስ ሳይገቡ እስክርቢቶ አያነሡም።

«የሚወደው ያሳምርልሻል» አሉኝ። «የማይወደው ያርምልሻል። ጉዳይ የሌለው ያየውን ብቻ ይነግርሻል።»

«የማይወደው ሰው ከሌለስ ጋሼ?»

«ገና በደንብ አልጠየቅሽም ማለት ነው።»

ልባቸው ታሞ ሥራቸውን ሲለቁ ገጹን ለኔ ተዉልኝ። ሦስቱን ሽምብራ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድረው፣ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ሽምብራዎቹን መሳቢያ ውስጥ ከተትኋቸው። እንደ መታሰቢያ እንጂ እንደ ሥራ ዕቃ አልቆጠርኋቸውም። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ብቻዬን ካዘጋጀኋቸው የመጀመሪያዎቹ መጣጥፎች አንዱ ስለ በዛብህ ቀጥቃጭ ነበር። በዛብህ ብረት ሠሪ ነበሩ፤ ያረፉት ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ወደ ሱዳን ሲሄዱ ሌላው ሰው ዱቄትና ውሃ ሲሸከም እሳቸው የቆዳ ወናፋቸውን ተሸክመው በረሃውን አቋረጡ። መጠለያው ውስጥ ከዘይት ቆርቆሮ ድስትና ማንቆርቆሪያ እየሠሩ ስንቱን ቤተሰብ ዕቃ አስያዙ። ጥሩ መጣጥፍ ነበር። ወናፉ ነበረው፤ ቆርቆሮው ነበረው፤ ቅጽል አልነበረውም።

ልጃቸውን አነጋገርሁ። መታወቂያቸውንም አሳየኝ፤ «በዛብህ አያሌው» ይላል። የአያታቸውን ስም ስጠይቀው «እንግዳ መሰለኝ» አለኝ። እኔም «የአያሌው እንግዳ ልጅ» ብዬ ጻፍሁ። አንድ ምስክርና አንድ ወረቀት። የመንግሥት ወረቀት እጄ ላይ ሳለ ሁለት ሽማግሌ ፍለጋ ምን አንከራተተኝ አልሁ።

ጋዜጣው በወጣ በሳምንቱ የቢሮው በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። ነጭ ነጠላ የለበሱ፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ገቡ። ጋዜጣው በእጃቸው ተጠቅልሏል። ከኋላቸው አንዲት ወጣት ሴት ደረጃውን እየሮጠች ደረሰች።

«አባት የምታድዪ አንቺ ነሽ?» አሉኝ አሮጊቷ።

«ይቀመጡ እናቴ።»

«አልቀመጥም። እንዳንቺ ያለ ሰው ባለበት ቤት ተቀምጬ ስነሣ የማን ልጅ ሆኜ እንደምነሣ አላውቅም።»

ወጣቷ ሳቋን ዋጠችና፣ «እሷ እንኮዬ ጠጅቱ ናት፤ የበዛብህ እህት። እኔ ሺራ ነኝ፤ የልጅ ልጁ» አለችኝ። «ሠርጌ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ነበር። አሁን አላውቅም።»

እንኮዬ ጠጅቱ እንደቆሙ ሁለቱም ነገሩን እስኪነግሩኝ ድረስ ጊዜ ወሰደ። በኛ ባህል ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ዘር ይቆጥራሉ። እስከ ሰባት ቤት ድረስ ወደ ላይ ተቆጥሮ ሁለቱ በደም ካልተገናኙ ነው የሚጋቡት። ለሺራ ወገን የቆጠሩት እንኮዬ ጠጅቱ ነበሩ። ሲቆጥሩም የበዛብህንና የራሳቸውን አባት «ታከለ» ብለው ቆጠሩ። ምንም የሚገናኝ አልተገኘም፤ ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሡ።

ከዚያ የኔ ጋዜጣ ወጣ። የሙሽራው አያት አባ ስጦታው፣ እዚያው ፌርማታ ላይ ተቀምጠው፣ ጋዜጣው ሲነበብ «የአያሌው እንግዳ ልጅ» የሚለውን ሰሙ። አያሌው እንግዳ የአባ ስጦታው አጎት ነበሩ፤ የአባታቸው ወንድም። ወንድማማቾቹ በልጅነት በተለያየ አገር ስለኖሩ አባ ስጦታው የአጎታቸውን ቤት አያውቁትም፤ ስሙን ግን ያውቃሉ። የኔ መጣጥፍ እውነት ከሆነ ሺራና ሙሽራው በአራተኛው ቤት እንግዳ ላይ ይገናኛሉ። ጋብቻው አይሆንም ማለት ነው። ከዚያም የባሰ፣ ጠጅቱ ለሽማግሌ ዋሽተዋል ማለት ነው።

«አያሌው ምንዎ ናቸው?» አልሁ።

«የእንጀራ አባቴ። አባቴ ታከለ ሲሞት እናቴ አያሌውን አገባች። እኔንና በዛብህን ያሳደገን እሱ ነው።»

«ታዲያ መታወቂያው ላይ…»

«ባበላኝ ሰው ስም አልጠራ? ባደባባይ ‹የእንጀራ አባቴ› ልበለው? በኛ አገር ያሳደገውን ሰው እንዲህ ብሎ የሚጠራ አለ?»

አልነበረም። እኔም ጎንደሬ ነኝ፤ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ያሳደገ ሰው አባት ተብሎ ይጠራል፤ የወለደው ስም የሚወጣው ዘር ሲቆጠር ብቻ ነው። ከስድስት ወር በፊት በዚያችው ገጽ ላይ «ሰባት ቤት» የሚል መጣጥፍ የጻፍሁት እኔው ራሴ ነበርሁ። ቆጠራውን ጽፌ ቆጣሪዋን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ሺራ አማርኛና ዕብራይስጥ እየቀላቀለች፣ «ቤሴደር፣ እሺ ይሁን፣ እኛማ እንጋባለን፤ ማንም አይከለክለንም» አለች። «ግን አያቴን ውሸታም ያላት ሰው ሠርጌ ላይ አይቀመጥም። እሱ ካልመጣ ደግሞ የሙሽራዬ ወገን ግማሹ አይመጣም። እንዴት ያለ ሠርግ ነው ይሄ?»

እንኮዬ ጠጅቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሠርጉ ይቅር፤ ሌላ ቀን ይመጣል። እኔ ግን አርባ ዓመት ለስንቱ ቤት ቆጥሬአለሁ። የኔ ቆጠራ ሐሰት ከሆነ የነዚያ ሁሉ ትዳር ምን ሊሆን ነው?»

ጋዜጠኛ መልስ ሲያጣ ይሄዳል፤ እኔም አውቶቡስ ይዤ ወደ አፉላ ኢሊት፣ ወደ አባ ስጦታው ቤት ወጣሁ። ስሕተቱ የኔ እንደሆነ ነገርኋቸው። በሚቀጥለው ወር በዚያው ገጽ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን እርማት እንደማወጣ ነገርኋቸው። ረጅም፣ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ውሃ አስቀርበውልኝ እስክጠጣ ጠበቁ።

«ልጄ፣ አንድ ልጠይቅሽ። የፊተኛው ጋዜጣ ዋሽቷል ነው የምትዪኝ?»

«ተሳስቷል።»

«የጻፍሽው አንቺ?»

«እኔ።»

«የሚቀጥለውንስ ማን ይጽፈዋል?»

«እኔ።»

«እንግዲያው የትኛዋን ዘነበች ልመን?»

ወደ ከተማ ስወርድ የሄድሁት ወደ ጋሼ ይርጋ ቤት ነው። ምድር ቤት በረንዳ ላይ፣ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ሽምብራው የታለ?» አሉ።

«መሳቢያ ውስጥ።»

«መሳቢያ ሄዶ ሰው አይጠይቅም» አሉ። «ወናፉ የማን ነበር?»

«የበዛብህ።»

«የሱ ከመሆኑ በፊትስ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሰው ዱቄቱን ትቶ ወናፍ ተሸክሞ በረሃ ሲያቋርጥ፣ የማን ወናፍ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ታሪኩ እጄ ላይ ነበር፤ ጌጥ አድርጌ ጻፍሁት እንጂ አልጠየቅሁትም።

በማግሥቱ ሽምብራዎቹን ግራ ኪሴ ከተትሁ። የምትወዳቸው እንኮዬ ጠጅቱ አንድ። የማይወዳቸውን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በዛብህ ደግ ሰው ስለነበሩ ሁሉም ያመሰግናቸዋል። በመጨረሻ ሰው ወደ አዛውንቶች መዋያ መራኝ፤ እዚያ አባ ደሳለኝ የሚባሉ፣ እሳቸውም በአገር ቤት ቀጥቃጭ የነበሩ ሽማግሌ ካርታ ይጫወታሉ።

«በዛብህ?» አሉ ካርታቸውን ሳያወርዱ። «እሱ ሌባ!»

«ምን ሰረቀ?»

«ደንበኛዬን! እኔ ማረሻ በሁለት ቀን ስሠራ እሱ ባንድ ቀን ይጨርሳል። ብረት ባንድ ቀን ይበስላል? ብረቱን ያባብለዋል እንጂ!»

«የአያሌው ልጅ ነው ይላሉ።»

ካርታው ወረደ። «ማን ነው እንዲህ ያለ? አያሌው ሸማኔ ነው! መዶሻ በእጁ ነክቶ አያውቅም። በዛብህ የታከለ ልጅ ነው። ያ ታከለ! እሱም አባቴን ገበያ ያሳጣ! ዘሩ እንዲሁ ነው።»

«ይህን ለሽማግሌዎች ይናገሩልኛል?»

«በዛብህን ልስደብ ነው?»

«እውነቱን ሊናገሩ።»

«ሁለቱንም እችላለሁ» አሉና ካርታቸውን አነሡ።

ሁለተኛው ሽምብራ ቀኝ ኪሴ ገባ። ሦስተኛውን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። በከተማው አዳራሽ በር ላይ የሚጠብቅ፣ ወገኖቹ በጎንደር ክርስቲያን የነበሩ፣ እሱ እዚህ ከመጣ በኋላ ወደ አይሁድነት የገባ ሰው አለ። ቦርሳዬን ሲፈትሽ ዘወትር ስለ አገር ቤት እናወራለን። መንደሩን ሲጠራልኝ የበዛብህ ገበያ አጠገብ ሆነ። ስለ በዛብህ ምንም ሳልነግረው፣ «ቀጥቃጭ ታውቁ ነበር?» አልሁት።

«አያቴ ማረሻውን ታከለ ቤት ነበር የሚያሠራው» አለኝ። «ታከለ ሲሞት ልጁ ገና ጨቅላ ነበር አሉ፤ እናቱም ሌላ አገር አገባች። ሲያድግ ግን ልጁ ያባቱን ወናፍ ይዞ ወደዚያው ገበያ ተመለሰ። አያቴ ‹የታከለ ወናፍ ተመለሰ› እያለ ያወራ ነበር።»

«ለምን ዛሬ ጠየቅሽኝ?» አለ ቦርሳዬን ሲመልስ። ነገርሁት። «የሰማሁትን እናገራለሁ። ያልሰማሁትን ግን አልጨምርም፤ እኔ የሰማሁት ካያቴ ነው» አለኝ። ጋሼ ይርጋ ይህን ቢሰሙ ያቅፉት ነበር።

ሽማግሌዎቹ በጊቫት ሃሞሬ የሰፈር ማዕከል፣ ማትናስ በሚሉት ቤት ትንሽ ክፍል፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አባ ስጦታው በአንድ በኩል፣ እንኮዬ ጠጅቱ በሌላ በኩል። ሺራ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። መጀመሪያ የተነሣሁት እኔ ነበርሁ። ምን እንደጻፍሁ፣ ማንን እንደጠየቅሁና ማንን ሳልጠይቅ እንደቀረሁ ተናገርሁ። ብዙ ስብሰባ ዘግቤአለሁ፤ በስብሰባ መሀል ቆሜ ስናገር ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

አባ ስጦታው ወደ እንኮዬ ጠጅቱ ዞሩ። «መታወቂያሽን አሳዪኝ።»

እንኮዬ ጠጅቱ ከቦርሳቸው አወጡና ሰጧቸው። አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ጠጅቱ አያሌው።»

ክፍሉ ውስጥ ማጉረምረም ተነሣ። ሺራ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«እንግዲህ ራስሽ ነሽ ያስጻፍሽው» አሉ አባ ስጦታው።

«እኔ ነኝ» አሉ እንኮዬ ጠጅቱ። «ታከለ ወልዶኛል፤ አያሌው አብልቶኛል። ለመንግሥት ያበላኝን ነገርሁ፤ ለልጆቼ የወለደኝን እነግራለሁ። አንተ ስጦታው፣ መንግሥት የሚቆጥረውና ሽማግሌ የሚቆጥረው አንድ ነው?»

ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩ። ታከለን፣ የታከለን አባት፣ የአባቱን አባት፣ ወደ ላይ እስከ ሰባት። ሴቶቹንም አልዘለሉም፤ የትኛዋ ከየት አገር መጥታ እንደተዳረች ጭምር። ሲጨርሱ ውሃ ጠየቁ።

ጠባቂው የሰማውን ተናገረ፤ አንድ ቃል አልጨመረም። አባ ደሳለኝ ግን ብዙ ጨመሩ። በዛብህ እንዴት ብረት እንደሚያባብል፣ ታከለ እንዴት አባታቸውን እንዳስራበ፣ ሁለቱም በአንድ ወናፍ እንዴት አገር እንዳበላሹ። ሽማግሌዎቹ መሳቅ ጀመሩ።

«አባ ደሳለኝ፣ ምነው እንዲህ ጠሏቸው?» አለ አንዱ።

«ጠላኋቸው? በዛብህ ሲሞት ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም! የምቀናበት ሰው ጠፋብኛ!»

አባ ስጦታው አልሳቁም። «የታከለን ወናፍ አይተኸዋል?» አሏቸው።

«እንዴታ! ግራ ጎኑ የፍየል፣ ቀኝ ጎኑ የበሬ ቆዳ ነው። ሊጠግኑት ፍየል አጥተው።»

አባ ስጦታው ወደ ሺራ ዞሩ። «አያትሽ ወናፍ ትተዋል?»

«አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል» አለች። «ግማሹ ቀላ ያለ ነው፤ ጸጉርም አለበት። ግማሹ ወፍራም፣ ጥቁር ነው። ለምን እንደሆነ ማንም ነግሮኝ አያውቅም።»

አባ ስጦታው መታወቂያውን በሁለት እጃቸው ለእንኮዬ ጠጅቱ መለሱ። «ይቅርታ» አላሉም። «ሠርጉ በቀኑ ይሁን» አሉና ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

እርማቱን ስጽፍ አስቸገረኝ። «አያሌው አባቱ አልነበሩም» ብዬ ብጽፍ ያሳደጉትን ሰው ባደባባይ መንቀል ሆነብኝ። ረቂቁን ይዤ ጋሼ ይርጋ በረንዳ ላይ ተቀመጥሁ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው እያንዳንዱን ቃል በጣታቸው ጠረጴዛውን እየመቱ ቆጠሩ። በመጨረሻ አራት ቃል ቀረ፤ «ታከለ ወለደው፤ አያሌው አሳደገው።» በዚያው ገጽ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው የፊደል መጠን ወጣ። እንኮዬ ጠጅቱ ሺራን አስነብበው ሲጨርሱ፣ «አሁን እቀመጣለሁ» ብለው ላኩብኝ።

ሠርጉ ላይ ተጠርቼ ሄድሁ። አባ ስጦታው ከሙሽራው ወገን መጀመሪያ ወንበር ላይ ነበሩ። ከእንኮዬ ጠጅቱ ጋር አልተነጋገሩም፤ ግን እሳቸው ሲገቡ ከወንበራቸው ተነሡ።

ጋሼ ይርጋ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። የሳቸውንም መጣጥፍ ጻፍሁ፤ የማይወዳቸውን ሰው ለማግኘት ወር ሙሉ ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ያ «ታሪካዊ» ማለት የሚወደው አለቃዬ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሽምብራዎቹ ከኪሴ አልወጡም፤ መሳቢያ የገቡት በመጨረሻው ሳምንት፣ የመጨረሻውን መጣጥፍ ከጨረስሁ በኋላ ነው።

የመጨረሻው መጣጥፍ ስለ እንኮዬ ጠጅቱ ነበር። ዛሬ በጣም አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ሆኖም አሁንም የሚጋቡ ልጆች ወላጆች ወደሳቸው ቤት ይወጣሉ። ሺራ ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቋ የሰባት ቤት ስም እስከ አምስተኛው ድረስ በቃሏ ትላለች፤ በስድስተኛው ላይ ትስቃለች። ወደሳቸው ሄጄ ደብተሬን ከፈትሁ።

«የአባትዎ ስም ማን ይባላል?» አልሁ፤ ሥራ ነውና።

ሳቁብኝ። «እኔን አትጠይቂኝ። ሦስት ሰው ጠይቂ።»

ጠየቅሁ። የምትወዳቸውን ሺራን፣ ጉዳይ የሌለውን የከተማው አዳራሽ ጠባቂን። ሦስተኛውን ለማግኘት ወደ አፉላ ኢሊት ወጣሁ። አባ ስጦታው በበትር ተደግፈው በር ከፈቱልኝ። ስለ ማን እንደምጽፍ ነገርኋቸው።

«እኔና እሷ አንነጋገርም» አሉ።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የመጣሁ።»

ወንበር ላይ ተቀመጡና የእንኮዬ ጠጅቱን ሰባት ቤት ከታከለ ጀምረው ወደ ላይ ቆጠሩልኝ። አንድ ስም አልሳቱም። ያን ቀን በማትናሱ አንዴ ሰምተው ይዘውታል።

«ጻፊ» አሉኝ። «በቆጠራዋ ተሳስታ አታውቅም። ማን አለ ካሉሽ፣ እኔ ነኝ ያልሁት።»

በዚያች ገጽ የምስክር ስም አይጻፍም፤ ሕጋችን ነበር። ቢሮ ተመልሼ መጣጥፉን ጻፍሁና በጣቴ ጠረጴዛውን እየመታሁ ቆጠርሁት። መቶ ሃያ ሦስት ቃል ሆነ። ሦስት ቃል ይተርፋል። የቱን ልቁረጥ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። መጨረሻ ላይ የቆሙትን ሦስቱን አየኋቸውና፣ እስክርቢቶዬን ከድኜ እንዳሉ ለኅትመት ላክኋቸው፦

«ምስክር፣ አባ ስጦታው።»